የጣውንቴ ክፍል

ያ ልጅ ዛሬም መጣ። ጤና ጣቢያ አዲስ የተቀጠረ ነው፤ ፀጉሩን ከጎንና ከጎን ተላጭቶ አናቱ ላይ ቆብ የሚያህል የተወ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን የነገሩትን አይሰማም። «ማዘር፣ ያ በግራ በኩል ያለው ሩም ፍሪ ነው አይደል?» ይለኛል። ማዘር! የሺ የሚባል ስም አለኝ፤ እትዬ የሺ ማለት ምላስ ይሰብራል እንዴ? «ተይዟል» አልሁት እንደ ትናንቱ። «ኧረ ማዘር፣ ማንም የለበትም። በመስኮት አየሁት እኮ፤ አንዲት የመቀመጫ ዱካ ብቻ ናት ያለችው» አለ። ደግሞ በሰው መስኮት ያያል! «ተይዟል አልሁህ። ሂድ ከመናኸሪያው ጀርባ ጠይቅ፣ እዚያ ክፍል ሞልቷል።» «ማን ነው የያዘው?» አለ። ትዕግሥቴ አለቀ። «ጣውንቴ ናት» አልሁት። ልጁ ዐይኑን አፈጠጠ። ባለቤቴ አዱኛ በዚህ ክረምት እንደ ሞተብኝ ሰምቷል፤ ከል መልበሴንም ያያል። ባሏ የሞተባት ሴት ጣውንት ከየት አመጣች ብሎ ይሆናል፣ «እሺ ማዘር፣ አይዞሽ» ብሎኝ ሄደ። አይዞሽ! ጨርቄን የጣልሁ መሰለው።

አልጣልሁም። ጣውንቴ ጨረቃ ናት። ይህን ደባርቅ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «የሺ፣ ጣውንትሽ ትናንት አምሮባት ወጣች» እያለ ሲያሾፍብኝ የኖረ ሁሉ። አዱኛ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ የዳባት ሰው። የጨረቃን መንገድ በዐይኔ ብቻ፣ ያለ መነጽር ያለ ምን፣ እደርስበታለሁ ብሎ ከግቢያችን በስተምሥራቅ ያለውን ባዶ መሬት ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቤት አላሠራኝም። ሌላዋ ሴት ባሌ ሰክሮ ገባ፣ ባሌ ሌላ ለመደ ብላ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ ይሰማታል። እኔ ምን ብዬ ልክሰስ? «ባሌ ጨረቃ ያያል» ልበል? አንድ ጊዜስ ብያለሁ። የነፍስ አባታችን ሳቃቸውን በነጠላቸው ደብቀው «ታዲያ ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ አይይ ልበለው?» አሉኝ። ቡራኬ ተቀብዬ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ ነው የሚብስብኝ። ገብሱ ተወቅቶ የገለባው ሽታ ከከተማው ዳር እስከ መኝታ ቤት ይገባል፤ ከተራራው የሚወርደው ቆፈን ጣት ያደነዝዛል። ሽታው ሲመጣ ያ ሁሉ ዘመን አብሮት ይመጣል። ያኔ ደባርቅ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር ስሙም አይታወቅ፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በእግር ነው፣ ዕቃ ያለው በአህያ። መንገዱ ኮረኮንች ስለነበር የሽሬ አውቶቡስ ሲያልፍ ያሰጣነው በርበሬ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ ቁልፎቹ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ፣ የማን ፈረንጅ አሮጊት እንደ ነበር እንጃ፣ ብቻ እሱን ለብሼ ስወጣ የሹም ሚስት እመስል ነበር። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማዕዘን ላይ ባለበቅሎዎቹና የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ፀሐይ እየሞቁ ፈረንጅ ይጠብቃሉ፤ ከጨነቅ ካምፕ የወረደው የብርዱን፣ ከአምቢኮ የመጣው የዳገቱን ያወራል። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ቴፑ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ሁሉ ደግሞ ጨረቃ መሰልሽ፣ ጨረቃ ነሽ ነው። ሌላው ሲወዘወዝበት እኔ ጥርሴን ነክሼ አልፍ ነበር። ቆርቆሮማ ያኔ ርካሽ ነበር! የዛሬ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ያኔ ለአንድ ቤት ክዳን ይበቃ ነበር። ይህን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ነገሩ የተጀመረው በልጃችን በትርንጎ ክርስትና ነው። ከስንት ዘመን ጥበቃ በኋላ የመጣች አንዲት ልጅ ናት፤ ሰማንያ ቀኗ የሞላው በታኅሣሥ ነበርና ድግሱ በዚያ ሆነ። አመሻሽ ላይ እንግዳው ተበትኖ ቤተሰቡ ብቻ ግቢ ውስጥ ቀርቷል። ግቢያችን ከኮረብታ ጫፍ ላይ ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ቁልቁለት ስለሆነ የሰሜን ተራራ ሸንተረር እንዳለ ፊት ለፊት ይታያል። ሙሉ ጨረቃ ብቅ አለች። አባቴ መሪጌታ ወርቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠላቸውን ይዘው «ይኸው፣ ከበሯ ወጣች» አሉ። እሳቸው የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ አጽዋማትንና በዓላትን አውጥተው ለአጥቢያው የሚያሳውቁት እሳቸው ናቸው። «ለፀሐይም ለጨረቃም ኆኅት፣ ማለት በር አላቸው። በሩ አንድ ነው። ፀሐይ ከምትወጣበት ከመጨረሻው በር ወዲያ ጨረቃ አትወጣም፣ ወዲህም አትቀርም» አሉ። በዚሁ ቢቆም ምን ነበረበት! አዱኛ ግን ጽዋውን አስቀመጠ።

«አባ፣ ፀሐይ እኮ በሰኔ ወደ ግራ ርቃ ርቃ ከዚያ ጥርስ ከሚመስለው ቋጥኝ ላይ ነው የምትወጣው። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፣ በታኅሣሥ ነው ወደ ግራ የምትርቀው። ዛሬ ግን ጥርሱ ጋ አልደረሰችም፤ ወደ ቀኝ ቀርታ ከኮርቻው ላይ ነው የወጣች።»

ኮርቻ ያለው ሸንተረሩ ጎበጥ ብሎ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ነው። አባቴ ገልመጥ አደረጉት። «ለከርሞ ትደርሳለች» አሉ።

«እንይ» አለ አዱኛ። ያቺ «እንይ» ናት ጉዴን ያመጣች።

በማግሥቱ ከደጃፉ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከለ፣ መቀመጫ። ከዚያ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ማየት ክልክል ነው፤ ቦታህን ከቀየርህ ምልክቱ ይዛባል ይላል። ከዚያ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ጨረቃ ልትሞላ ስትል ጀምሮ እየጠበቀ፣ ወደ ግራ የምትርቅበትን ምሽት ለይቶ፣ ባዶው መሬት ላይ በአጥሩ በኩል ችካል ይተክላል። ተከለ ልበል እንጂ የምተክለው እኔ ነኝ! እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይጮሃል፤ እኔ ያንን ካፖርት ለብሼ በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ ችካሉን ይዤ እቆማለሁ። «ወደ ግራ! ትንሽ! ኧረ በዛ፣ ወደ ቀኝ! ቀጥ አድርጊው! ጠማማ ነው!» ጨረቃዋ ችካሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠች እስክትመስለው ድረስ አልፈታም። «ጠማማ ነው፣ የሺዬ።» አንድም ዓመት ቀጥ ነው ብሎኝ አያውቅም። ወጡ ያራል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ ይስቃል። ለፀሐይዋም አንድ ቀይ የተቀባ ችካል በሰኔ ተከለላት፣ ከጥርሱ ትይዩ። አንድ ጊዜ አስጎብኚ የያዘ ፈረንጅ መንገድ ስቶ ከደጃችን ደርሶ ችካሎቹን ፎቶ አነሣ፤ የበግ ማጎሪያ መስሎት ነው አሉ።

ጨረቃ ለከርሞ ጥርሱ ጋ አልደረሰችም። ለዚያኛውም ከርሞ እንዲሁ። ግን በየዓመቱ ወደ ግራ ፈቀቅ ትላለች። አባቴ በመጡ ቁጥር «እህሳ?» ይላሉ፤ አዱኛ «ፈቀቅ ብላለች፣ አባ» ይላል፤ ሁለቱም ስለ እኔ ጣውንት እንደ ዘመድ ጤና ተጠያይቀው ወደ ማዕድ ይቀርባሉ። ለእኔ ያላዘኑ! እኔ የፈለግሁት ሦስት ክፍል ነው። ሦስት ክፍል በዚያ ባዶ መሬት ላይ፣ በተርታ፣ ለመምህር፣ ለነርስ፣ ለአስጎብኚ የሚከራይ። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ያወቀ ያውቀዋል። ትርንጎን ጎንደር ልኬ ማስተማር እፈልጋለሁ፤ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ እንደ እኔ ከስድስተኛ ክፍል እንድትቀር አልፈልግም። ጎረቤቴ ዘነበች አራት ክፍል ሠርታ፣ ልጆቿን አስተምራ፣ በላዩ ፍሪጅ ገዛች። በደባርቅ ብርድ ፍሪጅ! ቢሆንም ገዛች። እኔ ችካል እጠብቃለሁ።

«አዱኛ፣ ልሥራ» እለዋለሁ።

«ድንጋዩ ጋ ሆነን ሸንተረሩ ይከለላል፣ የሺዬ።»

«ይከለልና! ሸንተረሩ ለልጄ ደብተር ይገዛል?»

«እስከምትመለስ ብቻ ታገሺኝ። ሄዳ ሄዳ ትመለሳለች።»

«መቼ?»

«እሱን እኮ ነው የማየው» ይላል፣ እሱ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እኔ ብቻ ጮኼ እቀራለሁ። ከሚጮኽ ባል ጋር መጣላት ይቻላል። ከዚህ ጋር ምን ይደረጋል?

አንድ ዓመት ደግሞ ወንድሜ ለገና በግ ገዝቶ መጣና ሰው የለም ብሎ ከአንዱ ችካል አሰረው። በጉ ጎትቶ ነቅሎት አደረ። አዱኛ ጠዋት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሰው ሞት የተረዳ ነው የሚመስለው። ጉድጓዱን በእጁ እየዳበሰ አግኝቶ ችካሉን መለሰው፣ ግን የዚያን በግ ሥጋ አልበላም አለ። «በግ ምን ያውቃል?» ብለው፣ «እሱ አያውቅም፣ ያሰረው ያውቃል» ይላል። ወንድሜ ተቀይሞ ሳይፈስክ ሄደ። በበዓል ቀን አባወራ ሥጋ እምቢ ያለበት ቤት በደባርቅ የእኔ ብቻ ነው። ዛሬ ትርንጎ ይህን ሳወራላት እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም።

ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው። ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ጨረቃዋ ጥርሱን፣ የፀሐይን በር፣ አልፋው ወደ ግራ ሄደች። ሄደች ስል ጥቂት አይደለም፤ ከጥርሱ ማዶ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ነው የወጣች። አዱኛ እንደ ልጅ ዘለለ። አባቴን በበቅሎ አስመጣቸው፤ አርጅተዋል፣ ጋቢ ደራርበን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥናቸው። ቀይዋን ችካል አዩ፣ ጨረቃዋን አዩ፣ ከቀይዋ ስንት ክንድ ወዲያ። «በሩ ሰፊ ኖሯል» አሉ በመጨረሻ። አዱኛ «አላልሁም?» አላለም፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት አስገባቸው። በዚያ ብቻ ልወደው ቃጣኝ። ከዚያ ገብቶ አበባ ያለበትን የአዲሱን ድስቴን ክዳን አነሣና ሲሚንቶው ላይ አሽከርክሮ ለቀቀው!

«እዩት፣ አባ፣ እዩት!» ይላል። ክዳኑ እየተንገዳገደ ይዞራል። «የፀሐይ መንገድ እንደ ወለሉ ነው። የጨረቃ መንገድ እንደ ክዳኑ፣ ትንሽ ዘመም ያለ። ከፍ ያለው ጠርዝ ደግሞ ባለበት አይቆምም፣ ቀስ እያለ ይዞራል። ጠርዙ በአንድ ወገን ሲሆን ከፀሐይ በር ታልፋለች፣ በሌላ ወገን ሲሆን ሳትደርስ ትቀራለች። የትርንጎ ክርስትና ለት የቀረችው ለዚህ ነው!» አባቴ «ድገመው» አሉ። ደገመው። አሁንም ደገመው። የክዳኑ ቀለም በሦስት ቦታ ተላጠ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሄዳ የምትመለስ ከሆነ የምትመለስበት ቀን አላት።

«እንግዲህ ጊዜውን ንገረኝ» አልሁት አባቴ ፊት። «ሽማግሌ ይስማ።»

አሰበ። «ከወዲያ እስከ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ዐሥራ ዘጠኝ ይሆናል። አባ፣ የእርስዎ ንዑስ ቀመር ስንት ነው?»

«ዐሥራ ዘጠኝ» አሉ አባቴ።

«ይኸው!» አለና ጭኑን መታ። «ገጠመ! ትርንጎ ዐሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ጨረቃ ኮርቻው ላይ ትመለሳለች፤ ያኔ ክፍልሽን ትሠሪያለሽ።»

«ተው፣ ልጄ» አሉት አባቴ። «የኛ ዐሥራ ዘጠኝ ስለ ሌሊቷ ነው። ዛሬ ስንት ሌሊቷ እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመት እዚያው ቀን ላይ እንደምትውል ነው የሚናገር። ስለ መንገዷ አልተናገርንም። በእኛ አታሳብብ።» እሱ አልሰማም። አባቴ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ አዱኛ ግን ዐሥራ ዘጠኝን ይዞ ቀረ። መሪጌታ ያልተስማሙበትን የመሪጌታ ቁጥር! ሰው ምን ይላል በዚህ?

እንግዲህ ቀን ከተቆረጠልኝ ወዲያ ነገር ተገለበጠ። ከእሱ ይልቅ ጨረቃን የምጠብቅ እኔ ሆንሁ። እናት አይደለሁ? ትርንጎ ሰባተኛ ክፍል፣ ስምንተኛ ክፍል ስትል እኔ የማየው ሸንተረሩን ነው። በየዓመቱ ወደ ቀኝ ስትመለስ «ነይ፣ ነይ እሰይ!» እላታለሁ። ገበያ ላይ «ምነው ከጣውንትሽ ታረቅሽ?» ይሉኛል። በየዕለቱ አንድ ወጥ እስኪበስል ያህል እየዘገየች እንደምትወጣ፣ ጠዋት ምዕራብ ላይ ነጥታ የምትታየው መቼ እንደሆነ፣ ሁሉን ሳልፈልግ አወቅሁት። ከተማው በዚህ መካከል ተለወጠ፤ አስፋልቱ መጣ፣ ባጃጁ ፈላ፣ ሻይ ቤቱ ባለፎቅ ሆነ፣ ካፖርቴም ክርኑ አለቀ። ቆርቆሮው በየዓመቱ ሽቅብ ነው። እኛ ግቢ ችካል ብቻ ይጨመራል።

ትርንጎ ዐሥራ ስምንት ሲሆናት፣ በታኅሣሥ፣ ችካሉን ይዤ ቆሜ እሱ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» ሲለኝ፣ እየሄድሁ እየሄድሁ ከመጀመሪያው ችካል ጋር ተላተምሁ። ዞር ብዬ አየሁ። ጨረቃ ኮርቻው ላይ ናት። ከነገ ወዲያ የምሠራው ቤት ታየኝ።

«ተመለሰች!» ብዬ ጮኽሁ። «አዱኛ፣ ተመለሰች!»

«ቀረብ ብላለች» አለ ድንጋዩ ላይ ሆኖ።

«ምን ቀረብ! እላዩ ላይ ነኝ! ሁለቱን ችካል በአንድ እጅ ይዣቸዋለሁ!»

«ዐሥራ ዘጠኝ ነው፣ የሺዬ። ገና አንድ ዓመት አላት። ለከርሞ ደግሞ ትንሽ ወደ ቀኝ ትሄዳለች።»

«አትሄድም! ጨርሳለች። መዞሯ ነው።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። አለቀስሁ። ያን ለት በእውነት አለቀስሁ። ትርንጎ ፈተና አልፋለች፤ ጎንደር የምትቀመጥበት፣ የምትበላበት ነገር ያስፈልጋታል። የማሰሪያ ወርቄን ሸጥሁና ላክኋት። እሱ ደግሞ ደመወዙን ሁሉ ለእሷ አድርጎ አንድ ጃኬት ዓመቱን ሙሉ ለበሰ፤ ድንጋዩ ላይ ግን መቀመጡን አልተወም። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ!

ለከርሞው ታኅሣሥ መጣ። ችካሉን ያዝሁ። አዱኛ አንድ ዐይኑን ጨፈነ። «ወደ ምን?» ብዬ ጮኽሁ። ቆይቶ «ወደ ግራ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ጨረቃዋ ከመጀመሪያው ችካል የግማሽ ጨረቃ ያህል ወደ ግራ ሄዳለች። ዞራለች፤ ጉዞዋን እንደ ገና ጀምራለች። እኔ እንዳልሁት! የምናገረው ስድብ ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። እሱ ግን ብድግ ብሎ መጣና ፊቱ እየበራ «የሺዬ! ዐሥራ ዘጠኝ አይደለም! ከዐሥራ ዘጠኝ ያንሳል! ዐሥራ ስምንት ተኩል ቢሆን ነው! ምንኛ ያምራል!» አለኝ። ያምራል! አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲወደድብኝ፣ ለእሱ ያምራል! ስድቡ ሁሉ ጠፋብኝ።

ቃሉን ግን አላጠፈም። ግንበኛው ሊመጣ ነው በተባለበት ጠዋት ስነሣ ችካሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጭቃቸውን ጠርጎ፣ ከማድቤቱ ጎን ደርድሯቸዋል። «ለማገዶ ይሆኑሻል» አለ። ደስ ሊለኝ አይገባም? ተናደድሁ! ሃያ ዓመት የሚጠጋ በብርድ የቆምሁባቸው ናቸው፤ ማን ንቀል አለው? ግንበኛው ሦስት ክፍል በተርታ ብሎ መሠረት ሲያሰምር፣ የመጀመሪያው ችካል ጉድጓድ ላይ ቆሜ «እዚህ ጋ ክንድ ተኩል ክፍት ተውልኝ» አልሁት። «እትዬ፣ ምን ይሠራል? ውሻ ነው የሚያልፍበት?» «ጣውንቴ ናት የምታልፍበት» አልሁት። ሦስተኛው ክፍል በዚያ ምክንያት ሳይበቃ ቀረ፤ ሁለት ሆኑ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ።

ግድግዳው ሲያልቅ አዱኛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በክፍተቱ አየ። ኮርቻው ይታያል። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። አሁን ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«የሺዬ፣ ቦታው እኮ ትክክል አይደለም። በዚህ የምትወጣው ለከርሞ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ትሄድና ያኛው ክፍል ይደብቃታል።»

እኔ ይህን ሰው ምን ላድርገው! «መቼ ነው በዚህ የምትመለሰው?» አልሁት።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ተኩል» አለ ወዲያው። «አንቺ ታያታለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔ እንኳ አንድ ዙር ይበቃኛል» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ለከርሞ፣ ያለፈው ታኅሣሥ መሆኑ ነው፣ ጨረቃዋ ከክፍተቱ ግራ ጠርዝ ተለጥፋ ወጣች፣ እሱ እንዳለው። አጠገቡ ቆሜ አየኋት። በክረምቱ፣ ሦስት ቀን ብቻ ታሞ፣ ሞተ። ሊቀብረው የመጣ ሁሉ ደግ ሰው ነበር ይላል። ደግ ነበር። ሰው ያናድድ እንደ ነበር ግን ማንም አልተናገረለትም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንሁ።

የግራው ክፍል ተከራይ ኅዳር ላይ ሥራ ተቀይሮ ወጣ። ዘነበች «ቶሎ አከራዪው እንጂ» ትለኛለች፤ ይኼ የጤና ጣቢያ ልጅም አላስቀምጥ አለኝ። ትርንጎ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ የአንዱ ክፍል ኪራይ ይበቃናል። ዛሬ ልጁ «አይዞሽ» ብሎኝ ሲሄድ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ጨረቃ ወደ ግራ የምትርቅበት ምሽት ዛሬ እንደሆነም አውቃለሁ። ካፖርቴን ደርቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ክፍተቱ ባዶ ነው። ጠበቅሁ። የቆርቆሮው ጫፍ ከግራው ክፍል በላይ እየበራ መጣ፣ እሷ ግን የለችም። ደብቋታል። ግድግዳውን ልነክሰው ቃጣኝ።

ተነሥቼ ግራው ክፍል ገባሁና የምሥራቁን መስኮት ከፈትሁ። ዱካዋን ካስቀመጥሁ ሰንብቻለሁ። ይኸውና፣ ከኮርቻው ወደ ግራ፣ ወደ ጥርሱ መንገድ ጀምራ፣ ቁጭ ብላለች። ከማድቤቱ ጎን አንዱን ችካል አመጣሁ፤ አንዱንም አላነደድሁ። ከመስኮቱ ማዶ፣ አጥሩ ሥር አቆምሁትና ልየው ብዬ ወደ ዱካዬ ተመለስሁ፤ ወደ ቀኝ በዝቷል። ወጣሁ፣ ፈቀቅ አደረግሁት፣ ተመልሼ አየሁት፤ አሁን ደግሞ ወደ ግራ። የሚጮኽልኝ የለም፤ የሚይዝልኝ የለም። ከድንጋዩ ካልታየ አይቆጠርም ይል እንደ ነበር አውቃለሁ። ይበል! ደጋግሜ ተመላለስሁ፣ ጨረቃዋ ችካሉ ጫፍ ላይ ልክ እስክትቀመጥ። ከዚያ በድንጋይ ቀጥቅጬ ተከልሁት።

«የዘንድሮው ይኸውልህ» አልሁት። «ደግሞ ጠማማ ነው በለኝና!»

ቆሜ ጠበቅሁት።